የፒስተን ካርቦን፦ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ

ሰሞኑን ሞተር ፈትተው፣ የነዳጅና የዘይት ጥላሸት (ካርቦን) ያጠቆረው ፒስተን እጃቸው ላይ ይዘው የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ሁሉንም ባንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አናቱ ላይ ያለው ካርቦን ድንጋይ ሆኗል። በምን ላስለቅቀው?

መልስ፦ በትዕግሥት፤ ቀልዴን አይደለም። ፋሻዎቹን (ፒስተኑን የከበቡትን የብረት ቀለበቶች) አውጣና ፒስተኑን ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። የካርቡረተር ማጠቢያ ይፈጥናል፤ ግን ጓንት አድርግ፣ አየር ባለበት ሥራ። በማግስቱ በእንጨት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ስትፍቀው እንደ ቅርፊት ይነሳል። እምቢ ያለውን መልሰህ ዘፍዝፈው።

ጥያቄ፦ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ብከተውስ?

መልስ፦ እኔ አድርጌዋለሁ፣ አንተ አታድርገው። ጀማሪ ሳለሁ አራት ፒስተን ባልዲ ውስጥ ከትቼ ስልክ ላናግር ወጣሁ። ስመለስ ባልዲው ይፍለቀለቃል። ካርቦኑስ ለቋል፤ አሉሚኒየሙም አብሮ ተበልቷል። ፒስተኖቹ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተቦርቡረው ወጡ፣ አራቱም ተጣሉ። ያ አረፋ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ብዙ የምድጃ ማጽጃዎችም ውስጣቸው ያው ሶዳ ነውና ላያቸው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ድሪል ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ብጨርሰውስ?

መልስ፦ አይሆንም። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ሽቦው ይጭረዋል፣ ፋሻው የሚቀመጥበትን ቦይ ጠርዝም ያዶለዱመዋል። የፒስተኑን ጎን ደግሞ ጭራሽ አትፋቁት። እዚያ የምታዩዋቸው ደቃቅ መስመሮች ዘይት እንዲይዙ ተብለው የተሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ያለው ጥቁር ቅብም የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ካርቦን አይደለም። ጎኑን በናፍጣና በጨርቅ ብቻ።

ጥያቄ፦ የፋሻውን ቦይስ በምን ላጽዳ?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ቢቀር ሞተሩ አያኮርፍም። ቦዩ ውስጥ ከቀረ ግን አዲሱ ፋሻ ወደ ውስጥ መግባት ያቅተውና ሲሊንደሩን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) ይፈገፍጋል።

ከዚያው ቦይ የወጣውን አሮጌ ፋሻ ስበረው፤ ስፋቱ ልክ ነው። ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርገህ እንደ መፋቂያ ያዘው፤ ጠርዙ ስለት ነው፣ እጅህን ጠብቅ። ሳትጫን በቀስታ ሳበው። ጥቁር ዱቄት እስከወጣ ድረስ ጥሩ ነው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካየህ አሉሚኒየሙን ጀምረሃልና አቁም። ፋሻው ጋዝ የሚዘጋው የቦዩ ታችኛ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እዚያ ላይ የገባ ጭረት ኮምፕሬሽን (የታመቀውን ጋዝ) ያሾልካል።

የዘይት ፋሻው (ከሲሊንደሩ ግድግዳ ትርፍ ዘይት የሚጠርገው) ቦይ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በልካቸው መሰርሰሪያ በጣትህ እያዞርክ ክፈታቸው፣ በማሽን አይደለም። ከተደፈኑ ዘይቱ መመለሻ ያጣና ይቃጠላል፤ ያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ስትጨርስ አዲሱን ፋሻ በቦዩ ዙሪያ አሽከርክረው፣ የትም መያዝ የለበትም። በፋሻውና በቦዩ መካከል ያለውን ክፍተትም ለካ። ሚሊ ሜትር በመቶ ተከፍሎ የሚነገርበት ቦታ ስለሆነ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰድ።

ጥያቄ፦ አሸዋ ማስነፋትስ?

መልስ፦ አይ። አንድ ፍሬ ቦይ ውስጥ ከተደበቀ ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን ይጨርስልሃል። በመስታወት ብናኝ ማስነፋትም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ፒስተኑ አልወጣም፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ብቻ ነው የተነሳው። እዚያው ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ፒስተኑን እስከ ላይ አምጣው፣ በሱና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ስንጥቅ ዙሪያውን ግሪስ ቀባው። ሌሎቹን ሲሊንደሮች፣ የውሃና የዘይት ቀዳዳዎችንም በጨርቅ ድፈን። ፍቀህ ስትጨርስ ፒስተኑን ትንሽ አውርደው፤ ግሪሱ ፍርፋሪውን ይዞ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ሞተሩ ያረጀ ከሆነ የድሮ መካኒኮች ጠርዙ ላይ ያለውን የካርቦን ቀለበት አይነኩትም ነበር፤ ዘይት እንዳይወጣ ያግዛል ይላሉ። እኔም እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ ከአራቱ ሦስቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዱ ግን የታጠበ ይመስላል። ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ አትደሰት ወንድሜ። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እየገባ በእንፋሎት እያጠበው ሊሆን ይችላል። የቴስታታውን ጓርኒሽን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) እይ፣ ቴስታታውንም ስንጥቅ እንዳለው አስፈትሽ። ሦስቱን ገና ካልነካሃቸው ደግሞ አሁኑኑ አራቱንም ፎቶ አንሳ። ካጸዳሃቸው በኋላ ሁሉም አንድ ናቸው።