ባለ 28 ኮሩ ሰርቨር ይሻለኛል ወይስ ባለ 10 ኮሩ?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ከምትሠራ የአይቲ ባለሙያ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የካርድ ክፍል፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ፕሮግራማችን ያለው አንድ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ነው። 25 ኮምፒውተሮች ከሱ ጋር ይገናኛሉ። ጠዋት ወረፋ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ያገለገለ ሰርቨር እንድገዛ ተፈቅዶልኛል። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ሁለት አማራጭ ሰጠኝ። አንደኛው ዴል አር730 ነው፣ ሁለት ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰር አለው። ሁለተኛው ዴል አር740፣ አንድ ዚዮን ሲልቨር 4210 ያለው ነው፤ ዋጋው ግን በጣም ይበልጣል። ነጋዴው አዲስ ጄኔሬሽን ስለሆነ በእጥፍ ይፈጥናል ይላል። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ «በእጥፍ ይፈጥናል» የሚለውን እዚያው ተዪለት። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

2680 ቪ4 በ2016 የወጣ ነው። 14 ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና 28 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው። መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሥራ ሲመጣበት እስከ 3.3 ይደርሳል። ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን የዳታ ማቆያ፣ 35 ሜጋባይት ነው። 4210 ደግሞ በ2019 ወጣ። 10 ኮር፣ 20 ትሬድ፣ መነሻው 2.2፣ ጣሪያው 3.2፣ ካሹ 13.75 ሜጋባይት። አዲሱ በእያንዳንዱ ጊጋኸርዝ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ኮር ብቻ በሚይዝ ሥራ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሁሉም ኮሮች አብረው በሚሮጡበት ሥራ ግን አሮጌው ይበልጣል። ያውም አር730 ላይ ሁለት ስለሆነ ፉክክሩ 28 ለ10 ነው።

4210 ምንም የለውም ማለቴ አይደለም። ራሙን በስድስት ቻናል (የዳታ መስመር) ያነባል፣ አሮጌው በአራት። ሁሉም ቻናል ከተሞላ በወረቀት ላይ በሰከንድ 115 ጊጋባይት ለ77 ነው። የሙቀት መጠኑ 85 ዋት ነው፣ የአሮጌው አንዱ ብቻ 120። በ2018 ይፋ የሆነው ሜልትዳውን የሚባለው የደህንነት ቀዳዳም ሲሠራ ጀምሮ ተደፍኖለታል። አሮጌው በሶፍትዌር ነው የሚጠገነው፣ ጥገናው ደግሞ ከፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፕሮግራማችሁ የሚጠቀመው ዳታቤዝ ምንድን ነው? አልነገርሽኝም። እንደዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚጫኑት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ጋር ነው፣ ነጻ ስለሆነ። ኤክስፕረስ ደግሞ ገደብ አለው። ከ2016 እስከ 2022 ባሉት ስሪቶች ቢበዛ 4 ኮር ነው የሚጠቀመው፣ ያውም ከአንድ ፕሮሰሰር ብቻ። ለዳታ ማቆያ የሚይዘው ራም 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት አያልፍም። እዚያ ሲደርስ አዲስ በሽተኛ መመዝገብ እምቢ ይላል። 28 ኮር ገዝተሽ 24ቱ ቁጭ ብለው ያያሉ ማለት ነው። አንድ ጀበና ይዞ 28 ቡና አፍይ መቅጠር በይው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ማኔጅመንት ስቱዲዮን (የኤስኪውኤል ሰርቨር መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን) ክፈቺና የሰርቨሩን ስም በቀኝ ክሊክ ነክተሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስሪቱን እይ። የዳታቤዙን መጠን ደግሞ የዳታቤዙን ስም በቀኝ ክሊክ ነክተሽ በራሱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ እይ። ሁለተኛ፣ ወረፋው በሚበዛበት ሰዓት ዴስክቶፑ ላይ ታስክ ማኔጀርን ክፈቺ። ፐርፎርማንስ ውስጥ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩን) ግራፍ ለእያንዳንዱ ኮር ለየብቻ እንዲያሳይ አድርጊው። ሲፒዩው 20 እና 30 በመቶ ላይ እየዋለ ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ችግርሽ ፕሮሰሰር አይደለም። በኔ ግምት የምታዪው ይህንኑ ነው። ተራ ዴስክቶፕ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ 25 ሰው በአንዴ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ግምቴ ልክ ከሆነ የኔ ምርጫ አር730 ነው። ግን አንዱን ፕሮሰሰር አውጪው። አዎ፣ አውጥተሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። የዋጋውን ልዩነት ለኤስኤስዲ (ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) አውዪው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ በጉዞ ላይ ያለውን ዳታ የሚያድን፣ ለሰርቨር የተሠራውን ዓይነት።

ለምን አውጪው አልኩ? ዊንዶውስ ሰርቨር ላይሰንስ የሚከፈለው በኮር ነው፤ ትንሹ ለአንድ ሰርቨር 16 ኮር ነው። በሁለቱ ፕሮሰሰር 28 ትከፍያለሽ። በአንዱ 14 ኮር ቢሆንም 16 ይበቃሻል። 4210ም ብትገዢ 16 ነው። ሌላው መብራት ነው። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ሆኖም መብራት እንደሚሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) የሚሸከመው ሲቀንስ ይቆይልሻል። ወደፊት በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ማስኬድ ካማረሽ ፕሮሰሰሩን መልሰሽ ትሰኪዋለሽ። ዛሬውኑ አምስትና ስድስት ቨርቹዋል ማሽን የምታስኬጂ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ፕሮሰሰር እንደተሰኩ ይቆዩ እልሽ ነበር።

ስታወጪው ጥንቃቄ አለው። ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ሥር። አንዷ ከተጣመመች መመለሻ የለውም። ሶኬቱን በፕላስቲክ ክዳኑ ክደኚው። የሂትሲንኩ (የማቀዝቀዣ ብረቱ) ቦታ ባዶ መቅረት የለበትም፣ አየሩ በዚያ በኩል ሾልኮ ይሄድና የቀረውን አያቀዘቅዘውም። ለዚሁ የተሠራ መሙያ ፕላስቲክ አለ፣ ነጋዴውን ጠይቂው። ራሙን ደግሞ ከቢ ረድፍ (የምታወጪው የሁለተኛው ፕሮሰሰር) አንስተሽ ወደ ኤ ረድፍ (የሚቀረው የአንደኛው) አምጪው። ከኤ1 እስከ ኤ4 ያሉት ነጭ መያዣ ያላቸው ናቸው፣ አራት እኩል ራም እዚያ ሰኪ። ሁለት ትልልቅ ራም ብቻ ሰክተው የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ፤ ያኔ ከአራቱ ቻናል ሁለቱ ሥራ ይፈታሉ።

ክፍሉንም አስቢበት። ዴል ለአር730 የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ነው። ከ950 ሜትር ከፍታ በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ ጣሪያሽ 32 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኛ አየር ለዚህ አይከብድም። የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከከተትሽው ግን ሌላ ነገር ነው። አካባቢያችሁ የቡና መፈልፈያ ካለ የገለባው ብናኝ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው ቶሎ ቶሎ አስነፊው።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የሬይድ ካርዱ (ዲስኮቹን አንድ ላይ የሚያስተዳድረው ካርድ) ባትሪ ነው። ያገለገለ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ ደክሞ ይገኛል። ባትሪው ሲሞት ካርዱ በራሱ ካሽ መጻፉን ያቆምና እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ያለ ምክንያት ዘገምተኛ ይሆናል። ነጋዴው ማሽኑን አብርቶ አይድራክ (የዴል ሰርቨር መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ያለውን የባትሪ ሁኔታ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። እቀይረዋለሁ ካለ ብሩን ከማስገባትሽ በፊት ይቀይር።