ራሚፊኬሽን፦ ቅርንጫፍ ወይስ መዘዝ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ውሳኔው ከባድ «ራሚፊኬሽኖች» አሉት የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ቅርንጫፍ ማውጣት» ይላል። እንዳለ «ውሳኔው ከባድ ቅርንጫፎች አሉት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ውሳኔው ባንክ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ አለቃዎ መሳቃቸው አይፈረድባቸውም፤ መዝገበ ቃላቱም ግን አልዋሸም። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ራሙስ» ነው፤ ቅርንጫፍ ማለት ነው። ሐኪሞች ዛሬም የነርቭን ቅርንጫፍ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በተራው እንግሊዝኛ ግን ዛፉ ከተረሳ ቆይቷል። አሁን ቃሉ አንድ ነገር ከተደረገ በኋላ ተከታትሎ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜም ያልታሰበውንና የማይወደደውን ጉዳይ ይገልጻል።

ለዚህማ መዘዝ አለልን! መዘዝ «መዘዘ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከጋቢ ጫፍ አንድ ክር መዘዝ ቢያደርጉ ሌላው ተከትሎ ይመጣል፤ ጨርቁም ይጨማደዳል። እንግሊዝኛው ዛፍ ሲያይ እኛ ሸማ አየን። (ዘርፍም እንዲሁ ነው። «የግብርና ዘርፍ» የምንለው ቃል የልብስ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል መርገፍ ነበር። ሸማኔ ሳንሆን አንቀርም።)

ስለዚህ «ውሳኔው ብዙ መዘዝ አለው» ይበሉ። «መዘዞች» አይበሉ፤ ስህተት ባይሆንም ትርጉም ትርጉም ይሸታል።

ጣጣና ጦስም አሉ፤ ግን ቦታቸው ሌላ ነው። አራት ኪሎ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ፣ ያ ጣጣ ነው። ሹፌሩ ሕግ ጥሶ ተሳፋሪው ሁሉ ከታክሲ ቢወርድ ደግሞ «በሱ ጦስ» ይባላል። ጦስ አንዱ ያደረገው በሌላው ላይ ሲያርፍ ነው። የጦስ ዶሮን ያስታውሱ።

ጽሑፉ ክፉም ደግም ካልለየ መዘዝ ይከብደዋል፤ «ውሳኔው የሚያስከትለው ውጤት» ይበቃል። ስለ መንገድ ከሆነ መገንጠያ አለ። ስለ ነርቭ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቅርንጫፍዎ ልክ ነበር፤ አለቃዎም አይስቁም።