መልስ፦ ከዲሲ ተነስቶ መኪና የማያገኝህ የብስክሌት መንገድ

ወንድሜ፣ ከዲሲ ተነስቼ መኪና ሳያሳቅቀኝ ሶስት አራት ቀን በብስክሌት የምጓዝበት መንገድ አለ ወይ ብለሃል። አለ፣ ያውም አፍንጫህ ስር። ከዲሲው ሰፈር ከጆርጅታውን የሚነሳው፣ ሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) የሚባለውን የድሮ የጀልባ ቦይ ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ስለነበር ዳገት የለውም ማለት ይቻላል።

በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ጭር ያለው ቦይ፣ ከላይ የዛፍ ጥላ። በሞቃት ቀን ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ታያለህ። ጎማህን ሲሰሙ አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። እኔ ለዚህ ብቻ እመለስበታለሁ።

ቀጭን ጎማ ግን አይሆንም። መንገዱ አፈርና ጠጠር ስለሆነ፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ፍሬኑ ስር እየተጠቀጠቀ ያስቆምሃል። 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን።

ማደሪያ አያሳስብህ፤ በየጥቂት ማይሉ ነፃ የድንኳን ቦታ አለ። በብርዱ ወራት ግን የውሃ ፓምፖቹ ስለሚዘጉ ውሃህን ያዝ። ፓው ፓው የሚባለው ዋሻ 950 ሜትር ገደማ ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ። ባትሪ አብርተህ ብስክሌትህን እየገፋህ እለፍ።

እግርህ ካልደከመ፣ ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ ሌላ 240 ኪሎ ሜትር ከመኪና ነፃ መንገድ ይቀጥልልሃል።