ስፒከር ለመሞከር የትኛውን ሙዚቃ ይዤ ልሂድ? ላልከው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። «ለሳሎን ሁለት ስፒከርና ድምፅ የሚያጎላ አምፕ ልገዛ ነው፣ ሻጩ የራስህን ሙዚቃ አምጥተህ ሞክር ብሎኛል፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ብለሃል። እንዲህ የሚል ሻጭ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። ሌሎቹ መላሾች «ማንኛውም ዘፈን ይሠራል፣ ዋናው ድምፁን ከፍ አድርገህ መስማት ነው» ሲሉህ አይቼ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። እኔ በዚህች ምክር 42,000 ብር ከፍዬ ተቃጥያለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ የሱቁን ፍላሽ ሰካ። መጀመሪያ የብርጭቆ ኳኳታ የሚመስል ነገር መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ቤዙ ሲወርድ ሸሚዜ ተንቀጠቀጠ። «ምን ትላለህ ጋሼ?» አለኝ። ምን እላለሁ? ከፈልኩ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከፈልኩ። ያንን ሙዚቃ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እንዴት መሰማት እንዳለበት የማላውቀውን ነገር ሰምቼ «ጥሩ ነው» አልኩ። ስህተቴ ይቺ ናት፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው።

ቤት ገባሁ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ አንተም ሳትኖር አትቀርም። ከበታቼ ያሉ እናት ገና ድምፁን ሩብ ሳደርሰው ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይቆረቁራሉ። ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው። ዝቅ ሲል ያ ሁሉ ቤዝ የት እንደገባ እንጃ። የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ራሱን ከትቶ የሚዘፍን ይመስላል። «ይለመዳል» አልኩ። ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ በገና ክፈትልኝ አለች። ከፈትኩላት። ትንሽ ሰምታ «ልጄ፣ ይሄ በገና ነው ወይስ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ ነው?» አለችኝ። እናቴ ስለ ስፒከር የምታውቀው ነገር የለም። በገና ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታ ነው ያደገችው።

በማግስቱ ተሸክሜው ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሣ በጣቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝ። «ይሠራል አይሠራም?» አለኝ። «ይሠራል፣ ግን...» ስል አላስጨረሰኝም። «ጋሼ፣ ስፒከሩ ጤነኛ ነው። ጆሮዎን ይታዩ» አለኝ። ደንበኞች ነበሩ፣ ሳቁ። ይቺ «ጆሮዎን ይታዩ» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ስፒከሩን በኋላ ለአንድ ሥጋ ቤት በ19,000 ሸጥኩት። እዚያ ተስማምቶታል፣ ማንም ቁርጥ እየበላ የበገና ድምፅ አይመረምርም።

እና ወደ ጥያቄህ።

1. የሰው ድምፅ ያለበትን ቅጂ አስቀድም። የሰው ድምፅ ላይ ጆሮ አይሸወድም፣ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው እሱን ነው። የሙዚቃ ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰውን ኤምፒስሪን የሠሩት ጀርመኖች እንኳ የተፈተኑት በሰው ድምፅ ነው። ሱዛን ቬጋ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ብቻዋን የዘፈነችውን «ቶምስ ዳይነር» የሚባል ዘፈን ሲጨምቁት ድምፅዋ እየተበላሸ አስቸገራቸው። እሷን እየደጋገሙ እየሰሙ ነው ያስተካከሉት። ከበሮና ጊታር ቢበላሽ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ድምፅ ሲበላሽ ግን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚባሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች አሉት። ጥሩ ስፒከር ላይ «ጠ» ጠብ ብላ ትወጣለች። ያ የኔ ጉድ ላይ «ቀረ» እና «ከረ» አንድ ነበሩ። ስለዚህ ግጥሙን በቃልህ የምታውቀውን፣ ዘፋኙ ቃላቱን በደንብ የሚያወጣበትን አንድ የአማርኛ ዘፈን ያዝ። ባታምነኝ የባለቤትህን ወይም የልጅህን ንግግር ሳሎን ውስጥ በስልክ ቅዳና እሱንም ያዝ። ሱቁ ውስጥ ሲከፈት ይስቁብህ ይሆናል፣ ይሳቁ። የልጅህ ድምፅ አፍንጫዋን ይዛ የምታወራ ከመሰለህ ስፒከሩን ተወው።

2. በገና። የግድ። አሥሩ የጅማት አውታሮች ከሥራቸው እንዚራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ አለ፣ ያ የሚነዝረው ድምፅ ከእሱ ነው የሚመጣው። ወፍራሙ ድምፅ ከታች አለ፣ ከላይ ደግሞ ንዝረቱ። ርካሽ ስፒከር ወፍራሙን ይጥልና ንዝረቱን ብቻ ይሰጥሃል፣ የእናቴ ዝንብ እሷ ናት። ያለቅጥ ቤዝ የተጨመረበት ደግሞ ንዝረቱን ቀብሮ ጉምጉምታ ያደርገዋል። የዓለሙ አጋ ቅጂዎች ጥሩ ናቸው፣ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ 11ኛው ላይ ታገኛቸዋለህ። በተረፈ እናትህን ይዘሃት ሂድ፣ ከኔ ምክር ትበልጣለች።

3. ቤዝ ስትሞክር የሚያንቀጠቅጥ ሳይሆን የሚራመድ ቤዝ ፈልግ። የቤዝ ጊታር የታችኛው ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ይነዝራል ማለት ነው። ትናንሽ ስፒከሮች እዚያ አይወርዱም። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ተንኮል ይሠራሉ፣ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያሳብጡና ቤዝ ያለው ያስመስሉታል። የሱቁ ፍላሽ ላይ ያለው ሙዚቃ ደግሞ አብጦ የሚያምረውን ቦታ ብቻ የሚመታ ነው። መድኃኒቱ ቤዝ ጊታሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ዘፈን ነው። እያንዳንዷ ኖታ እኩል ከተሰማች ጥሩ። አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ከጠፋች፣ ወይም ሁሉም «ዱም ዱም ዱም» እያለ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሂድ ውጣ።

4. ትሪብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን የላይ ድምፅ፣ ለመፈተን ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የቀዳውን አልበም እይዛለሁ። ቫይብራፎኑ ብረት ነው፣ ሲመታ ይጮኻል ከዚያ ቀስ ብሎ ይከስማል። መጥፎ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ምቷን ጥርስ የምታሳክክ ያደርጋታል፣ አከሳሰሟን ደግሞ አያሰማህም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖም አለ። ድሮ የተቀዱት ላይ ትንሽ ሹሹታ አለ፣ አትፍራው፣ እንዲያውም ይጠቅምሃል። ጥሩ ስፒከር ላይ ሹሹታው ከፒያኖው ኋላ ይቀራል። ትሪብሉ የተጋነነ ስፒከር ላይ ግን ሹሹታው ፊት ይመጣና እማሆይ ከሻወር ቤት የሚጫወቱ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁለተኛዋን ኪሳራዬን ልንገርህ፣ ብር አልወጣብኝም ግን ከመጀመሪያዋ ትብሳለች። ከተቃጠልኩ በኋላ ስምንት ወር ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቦሌ አካባቢ አንድ ጥንድ አገኘሁ፣ ያገለገለ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈሩ ስድስት ተኩል ኢንች፣ ዋጋውም ደህና። ስልኬ ላይ ያለውን ዘፈን ከፈትኩ። የዘፋኟ «ሰ» ሁሉ «ሽ» ሆነ። ሲምባሉ የዘይት መጥበሻ ነው። «ይሄም ያው ነው» ብዬ ባለሙያ መስዬ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ፋይል በጥሩ ኢርፎን ሰማሁት። እዚያም መጥበሻ ነው! ከአንድ ቻናል ያወረድኩት፣ ባለ 128፣ ማለትም ብዙ የተጨመቀ ኤምፒስሪ ነበር። እሱም ከሌላ ቪዲዮ የተገለበጠ፣ ቪዲዮው ደግሞ ከካሴት የተቀዳ። ሦስት ጊዜ የታኘከ ማለት ነው። ጠዋት ስሮጥ ስሄድ ስፒከሩ ተሸጧል። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ዕቃውን ነበር የወነጀልኩት።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ቅጂውን ራሱን ፈትነው። ዋናው ሲዲ ካለህ ከእሱ ገልብጥ፣ ካልሆነ ገዝተህ ከድምፁ ምንም በማይጥለው በፍላክ፣ ወይም ቢያንስ ባለ 320 ኤምፒስሪ አውርድ። ቤት ውስጥ በኢርፎን አሥር ጊዜ ስማው። እስክትሰለቸው። የትኛው ቃል ላይ ዘፋኙ ትንፋሽ እንደሚወስድ ስታውቅ ያን ጊዜ ተዘጋጅተሃል።

ቁጥሩ የት ደርሶ ነበር? ይሁን።

በገናና ፒያኖ ብቻ ግን ይዘህ እንዳትሄድ። ይህን እኔም በኋላ ነው የገባኝ። ካናዳዊው የድምፅ ተመራማሪ ሾን ኦሊቭ አድማጮችን እያሠለጠነ የትኛው ቅጂ የስፒከርን ጥፋት ቶሎ እንደሚያጋልጥ ፈትሾ ነበር። አንድ መሣሪያ ብቻ ያለባቸው ቅጂዎች ብዙም አላጋለጡም። ከታች እስከ ላይ ሙሉ ድምፅ ያለባቸው ናቸው ያጋለጡት። ከዘፈኖቹ ጎልታ የወጣችው የትሬሲ ቻፕማን «ፋስት ካር» ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1988። ከእሷም የበለጠው ፒንክ ኖይዝ የሚባለው ነው፣ ዝም ብሎ የፏፏቴ ድምፅ የሚመስል። እሱን ከፍተህ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ስታዞር ልዩነቱ ፊትህ ላይ ይወጣል፣ አንዱ በቧንቧ ውስጥ እንደሚፈስ ውኃ ይሆናል። ሻጩ እንደ እብድ ያይሃል። እኔን ስንቴ አይተውኛል።

ድምፅ ስታወዳድር እኩል አድርግ። ይሄ ትልቁ የሻጭ ዘዴ ነው። ሁለት ስፒከር ሲያሰሙህ ሊሸጡት የፈለጉትን በትንሹ ከፍ ያደርጉታል። ጆሮ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ብሎ ነው የሚሰማው፣ የአንድ ዴሲቤል ልዩነት ይበቃዋል። በስልክህ የድምፅ መለኪያ አውርድና ለካ። ከዚያ ቤትህ ውስጥ በምትሰማበት መጠን ዝቅ አድርገህ ስማ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ግን በ42,000 ብር ነው የተማርኩት። ቤዝ መጨመሪያውንና ላውድነስ የሚለውን፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዝ የሚያሳብጠውን ቁልፍም አስጠፋ። «ከጠፋ አያምርም» ካሉህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

በመጨረሻ የገዛሁበትን ቀን ሳልነግርህ አልሄድም፣ እሱ ቀን የኔ ነው። ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ጥንድ፣ 35,000 ብር። ልጁ ገመዱን ሰካ፣ ዘፈኔን ከፈትኩ። ቤዙ ቀጭን። የዘፋኙ ድምፅ ከግራም አይደለም ከቀኝም አይደለም፣ ከመሃልም አይደለም፣ በጭንቅላቴ ዙሪያ ይዞራል። የድሮው እኔ ብሆን እወጣ ነበር። ስልኬን ሞኖ አደረግሁት፣ ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ ማለት ነው፣ ማስተካከያው ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ጋ አለልህ። ሞኖ ሲሆን ድምፁ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ልክ ሰው እንደቆመ ሆኖ መሰማት አለበት። አልሆነም። «የአንዱን ገመድ ገልብጠኸዋል፣ ቀዩ ጥቁር ላይ ገብቷል» አልኩት። «ኧረ በፍጹም» አለ። ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ ከኋላ አየ። ተገልብጧል። አዞረው። ቤዙ ተመለሰ፣ ዘፋኙ መሃል ላይ መጥቶ ቆመ። ባለሱቁ 2,000 ብር ቀነሰልኝና «እነዚያን ዘፈኖች ታስገለብጠኝ?» አለኝ። ያ «ጆሮዎን ይታዩ» ያለኝ ሰውዬ እዚያ ቢኖር ምን አለበት!

አሁን ሰፈር ውስጥ ስፒከር የሚገዛ ሁሉ እኔን ይዞ ነው የሚሄደው። እናቴም ፋሲካ በደረሰ ቁጥር እኛ ጋ ነው የምትጾመው፣ ባለቤቴ «በገናውን ብለው ነው እንጂ እኛን ናፍቀው አይደለም» ትላለች።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልህም። ወለልህ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፍ፣ ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ አትክተተው፣ ቤዙ ያብጣል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ፍላሽ ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ ብዙ የሱቅ አምፖች ፍላክ አያነቡም፣ ከዚያ «ይኸው የኛን እንክፈትልህ» ይሉሃል፣ አለቀልህ። በብሉቱዝም አትሞክር። ስልክህንና የራስህን የኦክስ ገመድ ያዝ። የስልክህ ሶኬት ኦክስ የማይቀበል ከሆነ መቀየሪያዋን ከቤት ይዘህ ውጣ፣ ሱቅ ውስጥ ያለችው ሁልጊዜ ተሰብራለች።