«ስትወልድ ይተዋታል» ለተባለችው እናት

እህቴ፣ «የ9ኛ ክፍል ልጄ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሆዷን እያመማት ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ እናቴ ስትወልድ ይተዋታል ትለኛለች፤ ማስታገሻ እንዳልሰጣት መሃን ያደርጋታል ብዬ ፈራሁ» ላልሽው ነው። እኔ ሃይስኩል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሴቶች ክበቡንም ስለያዝኩ ሆዷን ይዛ የምትመጣ ተማሪ አጥቼ አላውቅም።

ከፍርሃትሽ ልጀምር። ጤነኛ ልጅ አይቡፕሮፌን የሚባለውን ማስታገሻ በወር አንድ ሁለት ቀን ስለወሰደች መሃን አትሆንም። ሱስም አይሆንባትም። ቁርጠቱን የሚያመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ማህፀን ሽፋኑን ሲያራግፍ በብዛት ይለቀቅና ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ማስመለሱም ተቅማጡም ከሱ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ይሄ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ስለሆነ ዋናው ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ ልጆች «ትንሽ ልቻለው» ብለው ይቆያሉ። ከዚያ ዴስክ ላይ ተደፍተው፣ ላብ አጥምቋቸው ሲውጡት ቶሎ አይደርስላቸውም። ልጅሽ ደም እንዳየች፣ ወይም ወገቧን ሲጀማምራት ወዲያው ትውሰድ። ፓራሲታሞል የሚበቃት አለች፤ ለአብዛኞቹ ግን አቅሙ ያንሳል።

በባዶ ሆድ ግን በፍጹም! ልጆቻችን ቁርስ ሳይበሉ ይወጣሉ፤ ጾም ሲሆንማ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ክኒኑን ውጠው ጨጓራቸው ሲነድ «አልተስማማኝም» ብለው ይተውታል። የጨጓራ፣ የአስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት ግን ሳትጀምር ሐኪም ይያት። መጠኑን ፋርማሲስቱ ይንገርሽ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻ ደርባ እንዳትወስድ።

ሙቀትም በደንብ ይረዳል። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምረሽ በነጠላ ጠቅልለሽ እምብርቷ ሥር ታድርገው። የፈላ ውሃ እንዳይሆን፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ እሷንም ያቃጥላታል። ዝንጅብል ሻዩንም ትጠጣ፣ አይጎዳትም።

እናትሽም ከመሬት ተነስተው አይደለም ያሉት። ከወለዱ በኋላ የሚቀልላቸው ሴቶች አሉ። ግን ይቺ ልጅ የሚጠብቃት ማትሪክ እኮ ነው!

መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዳ ሁለት ሦስት ወር ለውጥ ካላየሽ፣ ህመሙ በየወሩ ከባሰ፣ የወር አበባ በሌለበት ቀንም ካመማት ወይም ሞዴሷ በየሰዓቱ ከራሰ የማህፀን ሐኪም ጋር ውሰጃት። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የማህፀን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። «የሴት ነገር ነው» እየተባለ ብዙዎች ላይ ሳይታወቅ ዓመታት ይቆያል። ሐኪሙ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ቢያዝላት ደግሞ እንዳትደነግጪ። ህመሙን ለመቀነስም ይታዘዛል፤ ልጅሽን የጠረጠራት የለም።

ቦርሳዋ ውስጥ ክኒን፣ ብስኩትና ሞዴስ አይጥፋ። ለሆምሩም መምህሯም ንገሪ። ወንድ ከሆነም አትፈሪው፤ «በወሩ ሆዷን ያማታል» ካልሽው ይገባዋል።