ስልኩ አንዴ «ዋግ»፣ አንዴ «ጤነኛ» ለሚለው ስንዴ

ከወረኢሉ የጻፉልን ጠያቂያችን፣ «ስንዴዬ ቢጫ ቢጫ እያለ ነው። ልጄ በስልኩ የበሽታ መለያ ፕሮግራም ሲያነሳው አንዴ ዋግ፣ አንዴ ጤነኛ ይላል። የቱን ልመን?» ብለውናል።

መጀመሪያ ጣትዎን ይመኑ። ቅጠሉን በአውራ ጣትዎ ይሹት። ቢጫ ዱቄት ከያዘና ነጠብጣቡ በቅጠሉ ርዝመት ተሰልፎ ካዩ ቢጫ ዋግ ነው፤ ሳያድሩ ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያሳዩ።

የስልኩ መዋዠቅ ግን ከፎቶው የመጣ ይመስለኛል። ልጅዎ ሳይጎነበስ፣ ዙም አድርጎ ያነሳው ይሆናል። የማንኛውንም ነገር ሸካራነት ከፎቶ ለመለካት ተመራማሪው ሃራሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለቅጠልም ያገለግላል። ፎቶ የነጥቦች ጥርቅም ነው፤ ፎቶው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ቁጥር ይኖረዋል። ስሌቱ ጎረቤታም ነጥቦችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ልዩነታቸውን በራሱ ያባዛል። 90 እና 94 ጎን ለጎን ቢሆኑ ልዩነቱ 4፣ ሲባዛ 16 ነው። 90 እና 150 ቢሆኑ ግን 3,600 ይደርሳል። አማካዩ «ንፅፅር» ይባላል፤ ለስላሳ ቅጠል ላይ ያንሳል፣ ዋግ ያጎረበጠው ላይ ይበዛል። ዙም ሲደረግ ስልኩ በነጥቦቹ መሃል መካከለኛ ቁጥር ይሞላል፤ ጎረቤታሞቹ ይቀራረቡና የታመመው ቅጠል ጤነኛ መስሎ ያርፋል።

መፍትሔው አንድ ነጭ ወረቀት ነው። መስመር ያለው አይሁን፤ ቅጠሉን ጋቢ ላይም አያንጥፉት፣ ድርና ማጉ እንደ በሽታ ይቆጠራል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቅጠሉን ቆርጠው ጥላ ውስጥ ይዘርጉት፣ ጫፍና ጫፉን በጠጠር ይያዙት። ቅጠሉን እንዳይጠርጉት፣ የዋጉ ዱቄት አብሮ ይሄዳል፤ የሚጠረገው የካሜራው መስታወት ነው። ስልኩን በአንድ ስንዝር ከፍታ፣ ልክ ከላይ ይያዙት። ቅጠሉ ከፎቶው ርዝመት ጋር ይሰለፍ፤ ቢጫ ዋግ መስመር ሠርቶ ስለሚሄድ በርዝመቱና በወርዱ ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል፣ ቅጠሉ ካጋደለ ይምታታል። ከማሳው ሦስት ቦታ ሦስት ቅጠል፣ ለማነጻጸሪያም አንድ ጤነኛ ያንሱ።

ደጋግሜ የማየውና የሚያሳዝነኝ አንድ ልማድ አለ፤ በደንብ የተነሳን ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ መላክ። ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው ጥቃቅኑ ነጠብጣብ ይደፈጠጣል፣ ለእኔም ሆነ ለፕሮግራሙ የሚታይ ነገር አይተርፍም። እባክዎ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩልን።