ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ ለመጣ መደንዘዝና መንቀጥቀጥ፦ ካልሲየሟ ታይቷል?

ሰላም እህቴ፣ እናትሽ እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ወዲህ ከንፈሯ ዙሪያና ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ እጇ እየተኮማተረ፣ አሁን ደግሞ ራሷን ስታ ተንቀጥቅጣ "የሚጥል በሽታ ነው" ተብሎ መድኃኒት ተጀመረላት፣ ይሄ ነገር ከኦፕራሲዮኑ ጋር ይገናኛል ወይ ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ በደንብ ሊገናኝ ይችላል። እኔም ከካልሲየም ማነስ ጋር ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አርጌ ልጻፍልሽ። ከሁሉም በፊት ግን ካልሲየሟ ተለክቷል ወይ? የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሲቲ ስካን አለ፣ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) አለ፣ ካልሲየም ግን አላየሁም።

እንቅርት የምንለው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሲያብጥ ነው። ከዚህ ታይሮይድ ጀርባ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ አብዛኛው ሰው ላይ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ እጢዎች አሉ። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ታይሮይዱ ሲወጣ አብረው ሊወጡ ይችላሉ፣ ወይ ደግሞ ደም የሚያደርስላቸው ስር ይጎዳል፣ ያኔ ፒቲኤች የሚባለው ሆርሞናቸው ይወርዳል፣ ካልሲየምም ተከትሎ ይወርዳል፣ ፎስፈረስ በተቃራኒው ይወጣል። ካልሲየሙ በብዛት የሚያሽቆለቁለው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ማለትም አንዳንዱ ሰው ቤቱ ገብቶ ተኝቶ እያለ ማለት ነው። ብዙዎቹ ላይ በሳምንታት ወይ በወራት ይስተካከላል፣ አንዳንዶቻችን ላይ ግን በዛው ይቀራል። ዓመታት ቆይቶ የሚታወቅባቸውም ስላሉ "ኦፕራሲዮኑ እኮ ድሮ ነው" የሚል ሰው ካለ አትቀበይው።

ነርቭ ላይ ለምን ይወጣል ካልሽ፣ ካልሲየም ነርቭን የሚያረጋጋ ነገር ነው፣ ሲያንስ ነርቩ ማንም ሳይነካው በራሱ መልዕክት መላክ ይጀምራል። እጅና ፊት ላይ ሲሆን መደንዘዝና መውረር ነው፣ ጡንቻ ላይ ሲሆን መኮማተር፣ ጉሮሮ ላይ ሲሆን ትንፋሽ ማጠር፣ አንጎል ላይ ሲሆን መንቀጥቀጥ። ጭንቀት፣ መነጫነጭ፣ ነገር መርሳትም ከዚሁ ይመጣል።

እኔ ላይ መጀመሪያ "ጭንቀት ነው" ነበር የተባለው። አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ይገባል፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ይጣበቃሉ፣ አንጓዬ ይታጠፋል፣ እና ያማል። የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ስትደነግጪ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሻለሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ ነጻ የሆነው ካልሲየም ፕሮቲን ላይ ይጣበቅና የባሰ ያንሳል፣ መኮማተሩም ይብሳል። ለዚህ ነው ከጭንቀት ጋር የሚምታታው፣ ሲረጋጉ ትንሽ ስለሚለቅ ሰው "አየሽ፣ ጭንቀት ነበር" ይላል። እኔን ያዳነችኝ አንዲት ነርስ ናት፣ ግፊት ስትለካኝ ክንዴ እንደተጨመቀ እጄ ሲኮማተር አየችና ሐኪሙን ጠርታ ካልሲየም ይታይ አለች። ይሄ የታወቀ ምልክት ነው፣ የግፊት መለኪያው ከላይኛው ግፊት በለጥ አድርጎ እስከ 3 ደቂቃ ተነፍቶ ሲቆይ እጅ ከተኮማተረ ካልሲየም ማነሱን ያስጠረጥራል። እናትሽ ግፊት ስትለካ እጇ እንደዛ ሆኖ ያውቃል? ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

ምርመራው የደም ብቻ ነው። ካልሲየም፣ አልቡሚን (ካልሲየም የሚጣበቅበት የደም ፕሮቲን)፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፈረስ፣ ፒቲኤች፣ ቫይታሚን ዲ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ሁሉንም በአንዴ ይታዘዝላት ብለሽ ጠይቂ። ጠቅላላ ካልሲየም በአብዛኛው ላብራቶሪ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው ኖርማሉ። አልቡሚን ዝቅ ያለ ሰው ላይ ጠቅላላው ሳይሆን አዮናይዝድ ካልሲየም፣ ማለትም ነጻው ካልሲየም ቢለካ ይሻላል፣ ጠቅላላው ያሳስታል። ማግኒዚየምን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እሱ በጣም ከወረደ ፒቲኤች በደንብ አይመነጭም፣ የተመነጨውም በደንብ አይሰራም፣ ካልሲየም ቢሰጥም ቶሎ አይነሳም። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ስትወስድ ከነበረ ይሄንንም አንሺ፣ ማግኒዚየም ያወርዳል።

አሁን በጣም የምለምንሽ ነገር። የጀመረችው መድኃኒት ምንድን ነው? ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል ወይ ካርባማዜፒን ከሆነ እነዚህ ቫይታሚን ዲን ቶሎ ስለሚያፈራርሱ ካልሲየሙን ጭራሽ ሊያወርዱት ይችላሉ። እንደዛም ሆኖ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ድንገት ማቆም ራሱ ያንቀጠቅጣል፣ ሐኪሙ ይወስን። ካልሲየም አንሶ የመጣ መንቀጥቀጥ ግን ካልሲየሙ ካልተስተካከለ በሚጥል በሽታ መድኃኒት ብቻ አይያዝም። ኢኢጂው ላይ ለውጥ ታየ ማለትም ይሄን አያስቀርም፣ ካልሲየም ሲያንስም ይለወጣል። ሲቲ ስካኑ ላይ ደግሞ አንጎል መሀል የካልሲየም ክምችት አለ የሚል ተጽፎ ከሆነ ለረጅም ጊዜ የቆየ ችግር ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ እንደዚህ የቆየባቸው ሰዎች ላይ የዓይን ሞራም ይመጣል።

ከተረጋገጠ ሕክምናው ካልሲየምና ካልሲትሪዮል (ለሥራ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ቫይታሚን ዲ) ነው። ተራውን ቫይታሚን ዲ ኩላሊት ወደሚሰራው ዓይነት የሚለውጠው በፒቲኤች እየታገዘ ስለሆነ የተዘጋጀውን ነው የሚሰጡን። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ነው ሚዋጠው፣ የታይሮይድ ኪኒኗን ደግሞ ቢያንስ በ4 ሰዓት አራርቁት፣ አለበለዚያ ኪኒኑ አይመጠጥላትም። ቁጥሩ ኖርማል መሀል ካልገባ ብለሽ አትጨነቂ፣ ሐኪሞች ሆን ብለው ከኖርማሉ በታችኛው ጫፍ አካባቢ ያቆዩናል፣ ምክንያቱም ፒቲኤች ስለሌለ ካልሲየሙ በሽንት ይወጣል፣ ከበዛ ጠጠር ይሰራል ኩላሊትም ይጎዳል። ሲበዛም ነርቭ ላይ ይታያል እኮ፣ ውሃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ከዛ መፍዘዝና መወነባበድ። ካልሲየሙ ከ14 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ አደገኛ ነው።

ቲኤስኤችም (የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለማነሱን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይታይላት። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስም እጅ ይደነዝዛል፣ ግን እሱ በብዛት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ላይ ሆኖ ማታ ማታ ይብሳል፣ ከንፈር አይነካም። መፍዘዝና መርሳትም ከሱ ሊመጣ ይችላል።

ድጋሚ ከተንቀጠቀጠች፣ ድምጿ ከተዘጋ ወይ ሲጥ ሲጥ እያለች ከተነፈሰች፣ የልብ ምቷ ከተዛባ ቀጠሮ ምናምን ሳትጠብቁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ እዛ ልቧን እየተከታተሉ ካልሲየም ግሉኮኔት ቀስ አድርገው በደም ስር ይሰጧታል። ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩት "እንቅርት ኦፕራሲዮን ተደርጋለች" የሚለውን ይሁን። ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሮቹን ከነላብራቶሪው ኖርማል ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ። እግዚአብሔር ይማርልሽ።